ዋግ ላይ ዝናብ የለም ተብሎ ስለተገዙት ጎማዎች

ለክቡር አቶ ምንዋጋው ትእዛዙ
የመሥሪያ ቤታችን የተሽከርካሪ ስምሪትና ጥገና ኃላፊ
ሰቆጣ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ ቤተሰብዎ በሰላም ውሎ የሚያድር፣ የሚሄዱበትም መንገድ ሁልጊዜ ደረቅ እንዲሆንልዎ እመኛለሁ። የመጨረሻውን ምኞት ከልቤ መመኘቴን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ መንገዱ ሲረጥብ እርስዎ የገዙልን ጎማ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በመሥሪያ ቤቱ የለምና።

ኤደን በእውቀቱ እባላለሁ። በአውቶሞቲቭ ቴክኖሎጂ ተመርቄ በአምቡላንስ ሾፌርነትና በጥገና ባለሙያነት ሳገለግል ቆይቻለሁ። እስከ ዓርብ ድረስ «አደጋው የደረሰው በእኔ ድንጋጤ ነው» ብዬ ከፈረምኩ ወደ ሥራዬ እንደምመለስ፣ ካልፈረምኩ ግን መንጃ ፈቃዴ እንዲነጠቅ እንደሚጽፉ አስታውቀውኛል። መልሴን በቢሮዎ በር ሥር አሹልኬ ከምሄድ፣ የከተማው ሰው እያነበበው ቢደርስዎ ይሻላል ብያለሁ። እግረ መንገዴንም ለተደረገልኝ ሁሉ ላመስግንዎ።

አንደኛ፣ ስለ ጎማ ምርጫው። እንደሚያስታውሱት ሁለት ዓይነት ጎማዎች ለናሙና ቀርበው ነበር። በጥር ፀሐይ፣ በከተማው መውጫ አስፋልት ላይ፣ እርስዎ የሚመሩት ኮሚቴ ጃንጥላ ዘርግቶ እያየ፣ በሁለቱም በእኩል ፍጥነት እየመጣሁ ፍሬን ያዝኩ። ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ቆሙ ማለት ይቻላል፤ እንዲያውም ላስቲኩ ጠንከር ያለው፣ እርስዎ የወደዱት ጎማ፣ ትንሽ ቀደም ብሎ ቆመ። ኮሚቴው አጨበጨበ። እኔ ግን ይህ ግማሽ መልስ ነው፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ቦይ ጠባብ የሆነና ላስቲኩ የጠነከረ ጎማ ውኃውን ከሥሩ ገፍቶ ማውጣት ስለማይችል አስፋልቱን ሳይጨብጥ ይንሸራተታል፣ ስለዚህ መንገዱን አርጥበን እንየው ብዬ ለመንኩ። የኮሚቴው አባል አቶ ካሤ የሰጡኝ መልስ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፦ «አንቺ ልጅ፣ የት አገር ያለሽ መሰለሽ? ዝናብ ካየን ስንት ጊዜያችን ነው?» ሁሉም ሳቀ፤ እርስዎም ሳቁ። ከዚያም አካባቢው ዝናብ አጠር በመሆኑ የእርጥብ መንገድ ፍተሻ አያስፈልግም ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተያዘ። ድርቅን የጎማ መምረጫ መስፈርት ያደረገ መሥሪያ ቤት ከእኛ በፊት ስለመኖሩ ሰምቼ አላውቅም፤ በዚህ ፈር ቀዳጅነትዎ እንኳን ደስ ያለዎት።

ሁለተኛ፣ ለውኃ ስላለዎት አክብሮት። እዚሁ ዋግ ውስጥ የዝቋላ ወረዳ ሰው ለአንድ ጀሪካን ግማሽ ቀን በሚሄድበት ጊዜ ውኃ አስፋልት ላይ መድፋት ነውር ነው ብለው ገሥጸውኛል። እውነትዎን ነው፤ አፍሬ ተመለስኩ። ኀፍረቴ የቆየው ግን በማግስቱ ጠዋት ጥበቃው የእርስዎን መኪና ሲያጥብ እስካየሁ ድረስ ብቻ ነው። እጣቢው ከግቢው ወጥቶ መንገዱን አቋርጦ ይፈስ ስለነበር፣ አንዲት ጠብታ ሳናባክን፣ ከጎሚስታው ከዘመነ ጋር ጎማዎቹን እየቀያየርን እዚያው ላይ ሞከርናቸው። አንደኛው በደረቅ መንገድ ከቆመበት ርቀት ብዙም ሳያልፍ ቆመ። የእርስዎ ምርጫ ግን የአምቡላንሷን ርዝመት እጥፍ ያህል አልፎ ሄደ። ይህንኑ ሳቀርብልዎ ኮሚቴው ያልተገኘበት ፍተሻ አይጸናም አሉኝ፤ እንግዲያው መጥታችሁ እዩ ስል ደግሞ ቦታው ጭቃ ነው ተባልኩ።

ሦስተኛ፣ ዝናቡ በመዝነቡ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም፤ ደብሩ በሙሉ ቃለ ጉባኤውን ሳያነብ ምህላ ይዞ ነበር። በሐምሌ፣ ምጥ የጠናባትን ወለተ ሚካኤልን ከአባቷ ከቄስ ገብረ አምላክ ጋር ከዝቋላዋ ከተማ ከጽጽቃ ይዤ ስመጣ፣ ወደ ከተማው መግቢያ ባለው ቁልቁለት ዶፍ ወረደ። ፍየሎች መንገዱን ሞሉት፤ ከኋላቸው እረኛዋ፣ እናቴን የምታህል ሴት፣ ትሮጣለች። ከሩቅ አይቻለሁ፤ ፍሬንም በጊዜው ይዣለሁ። ጎማው ግን መሄዱን ቀጠለ። ሴትዮዋን ላለመግጨት መሪውን ጠመዘዝኩና ቦይ ውስጥ ገባን። ወለተ ሚካኤልን የሰፈሩ ሰው በቃሬዛ አደረሳት፤ እሷም ልጇም ደኅና ናቸው። ቄስ ገብረ አምላክ ግን ትከሻቸው ተሰበረ።

እኒህ አባት ክንዳቸውን በነጠላ አንጠልጥለው ኮሚቴው ፊት ቀርበው መስክረዋል። ልጅቱ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሏ ረግጣዋለች፣ አልደነገጠችም፣ እንዲያውም አባ ይያዙ ብላ ያስጠነቀቀችኝ እሷ ናት አሉ። እርስዎም «አባ፣ ስለ ጎማ ያውቃሉ ወይ?» ብለው ሲጠይቋቸው የመለሱት ይኸው ነው፦ «አላውቅም ጌታዬ። የተሰበረው አጥንት ግን የእኔ ነው፤ እሱን አውቀዋለሁ።» ቃላቸው ሙያዊ ባለመሆኑ ታልፏል።

አራተኛ፣ ድንጋጤዬን ስለለኩልኝ። በኮሚቴው ሪፖርት ላይ የሰፈረውን «አሽከርካሪዋ ሴት በመሆኗ በመደንገጧ» የሚለውን ሐረግ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጎማውን በውኃ ለመለካት አቅም ያጣ ኮሚቴ የአንዲትን ሴት ልብ፣ ያውም እዚያ ቦታ ሳይኖር፣ መለካት መቻሉ ያስደንቃል። መሣሪያው የት እንደሚገኝ ቢጠቁሙኝ ለሙያዬ ይጠቅመኝ ነበር።

አምስተኛ፣ ይህ አጭር ነው። ከውድድሩ የወደቁት የናሙና ጎማዎች፣ እነዚያ በእርጥብ መንገድ የቆሙት፣ ሰኔ ላይ ሰማዩ ሲጠቁር በእርስዎ መኪና ላይ ተገጥመዋል። የገጠማቸው ዘመነ ነው፤ ያዘዙትም እርስዎ ነዎት። እኔን አላመኑኝም ብዬ ስከፋ ለካ ከማንም በላይ አምነውኛል። የማይገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዋግ ላይ ዝናብ ከሌለ፣ የሚዘንበው በእርስዎ መኪና ላይ ብቻ ነው ወይ?

ስለዚህ አልፈርምም። ፊርማዬ መንጃ ፈቃዴን ያተርፍልኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ጎማውን ንጹሕ ያደርገዋል፣ ንጹሕ የተባለ ጎማም ከአምቡላንሷ አይወልቅም። አሁን በእኔ ቦታ የሚነዳት ባልደረባዬ የሻምበል፣ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ከኋላው የሚተኙት ሕመምተኞችም ጎማ አይመርጡም። ይልቅ ክረምቱ ሳይወጣ ሁለቱን ጎማዎች በዚያው ቁልቁለት፣ ሕዝብ እያየ እንፈትናቸው። ውኃ አይባክንም፤ ከላይ በነጻ ይወርዳል። ተሳስቼ ከሆነ መንጃ ፈቃዴን ማንም ሳያስገድደኝ በእጄ አስረክባለሁ። ካልተሳሳትኩ ግን ጎማዎቹ ይቀየሩ፣ ቄስ ገብረ አምላክም ይቅርታ ይጠየቁ። የእኔን ይቅርታ በኋላ እንነጋገርበታለን።

ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ ማኅተምዎ ሳይደርቅ፣ ኮሚቴዎም ሳይበተን ረጅም ዘመን እንዲያስተዳድሩን ከመመኘት የማልቦዝን፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ኤደን በእውቀቱ
ከሥራ የታገደች ሾፌር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በንጹሕ ወረቀት ስገለብጥ ዝናብ ጀመረ። አምቡላንሷ ባዶዋን ከጽጽቃ እየተመለሰች መሆኗን ስለማውቅ ለየሻምበል ደወልኩና አስፋልቱ እስኪደርቅ ከቁልቁለቱ በላይ አቁም አልኩት። «ማን አዞ?» አለኝ። «እኔ» አልኩት። መኪናዋን ጥግ አስያዛት፤ አሁንም እዚያው ቆሟል። ያለ ሥልጣኗ ትእዛዝ ሰጠች የሚል ክስ የሚያስፈልግዎ ከሆነ ኮሚቴ መሰብሰብ የለብዎትም፤ ጽፈው ይላኩልኝ፣ እሱን እፈርማለሁ።