የተጠቀለለው ምንጣፍ

ታኅሣሥ 11

ሱቅ ውዬ መጣሁ። በርበሬው ደርቋል፣ ገዢው ግን የለም። ዙህርን በወንበር ሰገድኩ፣ ዐስርንም በወንበር። ያንን የተረገመ የበርበሬ ጆንያ ካነሳሁ ወዲህ ወገቤ አልታጠፍም ብሏል። ግንባሬ መሬት ከነካ ዓመት ሊሞላው ነው።

ወንበሩን ሁልጊዜ የሚያቀርቡልኝ አማቴ ናቸው። ኡሚ ነው የምላቸው። ልጃቸው ሳላሀዲን ወልቂጤ መስመር ሲነዳ ስለሚውል ቤት ያለነው ሁለታችን ነን። የፕላስቲኩን ወንበር በሻርፓቸው ጫፍ ጠርገው "አላህ ያሽርሽ" ይሉኛል። እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው ግድግዳ ይዘው እየተነሱም ቢሆን መሬት ይሰግዳሉ። እኔ ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ሆኜ ወንበር ላይ... ያናድዳል።

ሐኪሙ "መድኃኒቱ ይበቃሻል፣ ሰውነትሽን አፍታቺው" አለኝ። የትና እንዴት? ከሱቄ ፊት ለፊት ልብስ የምትሰፋው ዘርፈሽዋል "ሲና የምትባል ልጅ ለሴቶች ዮጋ ጀምራለች፣ ነይ አብረን እንሂድ" ትለኛለች። ዮጋ! ባለፈው ሠርግ ቤት ሴቶቹ ሲያነሱት ኡሚ "ጣዖት ማምለክ ነው" ብለው ወሬውን ዘጉት።

ረመዳን ሁለት ወር ቀረው። ዘንድሮም የረመዳን ሌሊቱን ስግደት፣ ተራዊህን፣ በወንበር?

ታኅሣሥ 14

ሄድኩ። ለኡሚ ምንም አላልኩም።

ማክሰኞና ሐሙስ ነው፣ ከጂሙ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል። መጋረጃው ይዘጋል፣ ወንድ አይገባም። ሲና እዚሁ ቡታጅራ አድጋ አዲስ አበባ የተማረች ልጅ ናት። ገና ስንጀምር "መዳፋችሁን ደረታችሁ ላይ ግጠሙ" ስትል እጄ አልታዘዝ አለኝ። ይኸው፣ ኡሚ ያሉት ደረሰ አልኩ በሆዴ። አየችኝ።

"ካልተመቸሽ ተዪው። እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ፣ እኔ ትንፋሽሽን ነው የምፈልገው።"

አደረግኩ። ቀጥላ ደግሞ "የእግራችሁን ጣት ያዙ" አለች። የምን ጣት? ጉልበቴ ጋ ደርሼ ቀረሁ። ዘርፈሽዋል ሳቀችብኝ። እሷም ከጉልበቷ አላለፈችም።

ታኅሣሥ 16

የራሳችሁን ምንጣፍ ይዛችሁ ኑ ስለተባልን አረንጓዴ ገዛሁ። ከክፍል መልስ ጠቅልዬ በብብቴ ይዤው ስገባ ኡሚ በር ላይ ቆመዋል። 

"መስገጃ ነው? ባሂራ ጋ ደርስ ጀመርሽ እንዴ?"

ባሂራ መስጊዱ አጠገብ ሴቶችን ቁርኣን የምታስቀራ ናት። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ አዎ ወሰዱት። "ማሻ አላህ፣ ልጄ" ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

አሁን ምን ብዬ ነው አይደለም የምላቸው? አልዋሸሁም እኮ... አልዋሸሁም?

ጥር 5

በተመለስኩ ቁጥር "ዛሬ ምን ተማራችሁ?" ይሉኛል። ባለፈው "መታገስ" አልኳቸው። ሲና አንድ ቦታ አጥፋ ስታቆየን የምትለን እሱን ነው። ዛሬ ደግሞ "አለመቸኮል" አልኩ። ይህንንም እሷው ናት ያለችው።

ማታ በአጥር ለጎረቤት ሲናገሩ ሰማኋቸው። "እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ምራቴ ግን ከደርስ ስትመጣ ታካፍለኛለች። በሷ በኩል እየተማርኩ ነው።"

እራት ሳልበላ ተኛሁ።

ጥር 7

ሳንጀምር ምንጣፌን ወደ ሰሜን አዞርኩት። ሲና "ለምን ወደ ግድግዳው?" አለች። "እንዲህ ይሻለኛል" አልኳት። የምንሰግድበት አቅጣጫ፣ ቂብላው፣ በዚያ በኩል ነው ልበላት?

"ተንበርከኩ፣ ተረከዛችሁ ላይ ተቀመጡ፣ ቀስ ብላችሁ ወደፊት ተደፉ።" ተደፋሁ። ወገቤ ጮኸ። ቆየሁ... ተነፈስኩ... ትንሽ ወረድኩ። ግንባሬ ምንጣፉን ነካ።

አለቀስኩ። ሌሎቹ ሲነሱ እኔ እንደተደፋሁ ቀረሁ። ደስ አለኝ፣ ፈራሁም። ዓመት ሙሉ አላህን የለመንኩትን እዚህ ላግኘው? ኡሚ የጣዖት ባሉት ቦታ?

ቤት ገብቼ በወንበር ሰገድኩ። መሬት ብሰግድ "እንዴት ዳንሽ?" ይሉኛላ።

ጥር 9

አለቀልኝ። ዘርፈሽዋል ሱቅ ድረስ ሮጣ መጥታ ነገረችኝ። ኡሚ ገበያ ላይ ባሂራን አግኝተው "ምራቴ ትምህርቷ እንዴት ነው?" ብለው ጠየቋት። በሰው ፊት። ባሂራም "መሕቡባ? እኔ ጋ መጥታ አታውቅም" አለች። ኡሚ የገዙትን ሽንኩርት እንኳ ሳይቀበሉ ሄዱ።

ስገባ ምን ተማራችሁ አላሉም። ወንበሩንም አላቀረቡልኝም።

ጥር 12

ወንበሩን ራሴ አቀረብኩ። ሳላሀዲን ደውሎ "ምን ሆናችኋል?" አለ። ምንም አልኩት።

ጥር 14

ክፍል አልሄድኩም። ቢቆጡ፣ ቢሰድቡኝ ምናለ? እንጀራዬን ያቀርባሉ፣ ፊቴን ግን አያዩም። ወገቤ እንደ ድሮው ያዘኝ።

ጥር 16

አልቻልኩም። ለመግሪብ ሶላት ሲቆሙ አረንጓዴውን ምንጣፍ ከጎናቸው አነጠፍኩ። ወንበሩን ተውኩት። ቆምኩ፣ አጎነበስኩ፣ ወረድኩ። አመመኝ፣ ግን ወረድኩ። ስጨርስ እያዩኝ ነው።

"የት ነው የምትሄጂው?"

"ዮጋ።"

መቁጠሪያቸውን ጨረሱ።

"ወገብሽ መዳኑ አይደለም የከፋኝ። መታገስ ያልሽውን፣ አለመቸኮል ያልሽውን... በየቤቱ ዞሬ ተናገርኩት። ከደርስ ያመጣሽው መስሎኝ።"

"ኡሚ፣ አውፍ በሉኝ።"

"ምራቴ ደርስ ገባች ብያለሁ። እኔን ውሸታም አታድርጊኝ። ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ አብረን ባሂራ ጋ እንሄዳለን።"

"እሺ። ማክሰኞስ?"

መቁጠሪያቸውን እንደገና አነሱ።

ጥር 19

ማክሰኞ። ምንጣፌን ይዤ በፊታቸው ወጣሁ። ፊታቸውን አዞሩ፣ ግን አልከለከሉኝም።

የካቲት 7

ደርስ ነበርን። ባሂራ ስለ ገበያው አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ኡሚ የቁርኣኑን ፊደሎች እንደ ልጅ በጣታቸው እየተከተሉ ይቀራሉ፣ ሲሳሳቱ እኔን ይቆጡኛል። ሲያልቅ መነሳት አቃታቸው። ትከሻዬን ይዘው ተነሱ፣ ክብደታቸው ሁሉ እኔ ላይ ሆነ። እስከ ቤት ሳይለቁኝ መጣን።

ቤት ገብተን በሩን ራሳቸው ዘጉት።

"ያ የማክሰኞው... ለጉልበት ይሆናል?"

"ጉልበትዎን ያምዎታል?"

"ቆየ። ከዓመት በላይ ነው።"

"ታዲያ ለምን በወንበር አልሰገዱም?"

እንደ ሞኝ አዩኝ። "ወንበሩ አንድ። ያንቺ ባሰ።"

ዓመት ሙሉ በዚያ ወንበር ስናደድ... ግድግዳ ይዘው ሲነሱ እያየሁ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

ምንጣፉን ወደ ሰሜን አነጠፍኩ። እግራቸውን እንዲዘረጉ ደገፍኳቸው።

"እጄን ግን አልገጥምም" አሉ።

"አይግጠሙ። ሆድዎ ላይ ያድርጉትና ቀስ ብለው ይተንፍሱ።"

"አለመቸኮል?"

"አዎ፣ ኡሚ።"

ለዒሻ ሶላት ወንበሩን እኔ አቀረብኩላቸው። በሻርፔ ጫፍ ጠረግኩትና "አላህ ያሽርዎ" አልኳቸው። ከጎናቸው መሬት ላይ ሰገድኩ።