ከኮረብታው ጀርባ ያሉት ሦስት መንደሮች

ሰኞ

ሠላሳ ሜትር ነው። ስልሳ አይደለም። ዛሬ ጠዋት ለሐሙሱ የድጋፍ ሰጪዎች ስብሰባ ወረቀት ሳዘጋጅ ነው ያየሁት።

በደንብ ልጻፈው፤ ምናልባት ስጽፈው ያንስ ይሆናል። የሬዲዮ ጣቢያችን ድምፅ ሸለቆው ድረስ በደንብ ስለማይሰማ፣ ስርጭቱን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሪሌይ ጣቢያ ልናቆም ነው። ኮረብታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። አጠገቡ ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ ስላለ፣ ከሠላሳ ሜትር በላይ ምሰሶ እንዳናቆም ደብዳቤ ተጻፈልን። ደብዳቤውን የተቀበልኩት እኔ። ፋይል ውስጥ የከተትኩት እኔ። ምሰሶውንም ሠላሳ ሜትር ብዬ ያዘዝኩት እኔ። የሽፋን ካርታውን ግን ከዚያ በፊት በስልሳ ሜትር ነበር ያሰላሁት። ተመልሼ አላየሁትም። በቃ፣ ረሳሁት።

ያ ካርታ አሁን የአለቃዬ የዋንጂሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር በጣቷ እየነካች ታሳያለች። ሸለቆው ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ነው፤ አረንጓዴ ማለት ይሰማል ማለት ነው።

በሠላሳ ሜትር እንደገና አሰላሁት። ከኮረብታው ጀርባ፣ ወንዙ ዳር ያሉት ሦስት መንደሮች ነጭ ሆኑ።

አኪኒ የምትባል አድማጫችን የምትኖረው እዚያ ነው። ባለፈው ዝናብ ወንዙ ሲሞላ ማስጠንቀቂያውን ከቀትር በኋላ ሦስት ጊዜ አስተላልፈን ነበር። እነሱ አልሰሙም። ታላቅ እህቷን ውሃ ወሰዳት። ከሳምንት በኋላ ቢሮ ደውላ፣ «ዳዳ፣ የእኛ ሬዲዮ ሽሽሽ ከማለት በቀር ሌላ አያውቅም» አለችኝ። ዳዳ ማለቷ እህቴ ማለቷ ነው። የሪሌይ ጣቢያው ሐሳብ የመጣው ከዚያ ስልክ ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። ወደ ቤቴ ወደ ካሳራኒ የተሳፈርኩበት ማታቱ፣ የዚህ አገር ሚኒባስ፣ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥስ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን እናደድ ነበር። ዛሬ ደስ አለኝ፤ ሐሳብ አያስገባም።

ማክሰኞ

አራት ጊዜ አሰላሁ። አራቱንም ጊዜ ነጭ።

ዝም ብል፦ ጣቢያው ይቆማል፣ የቀረው ሸለቆ ይሰማል፣ ሦስቱ መንደሮች «የቴክኒክ ችግር» ይባላሉ። ማንም አያውቅም።

ብናገር፦ ሥራዬ ሊሄድ ይችላል። ከሥራዬ ጋር የሥራ ፈቃዴ። ልጄ ሊዲያ ደግሞ ዘንድሮ ፈተና አላት።

ሌላ ኮረብታ ብንፈልግ፦ ፈቃዱን ሁሉ ከሀ መጀመር ነው። ዝናቡ ይቀድመናል፤ ያኔ ሦስቱ መንደሮች ብቻ ሳይሆኑ ሸለቆው በሙሉ አይሰማም።

ከሰዓት በኋላ የጥርስ ቀጠሮ አለኝ ብዬ ወጣሁና ኪሌሌሽዋ ሰፈር ጋሽ ተስፋልደት ዘንድ ሄድኩ። ሰባ አልፏቸዋል። አስመራ ተወልደው፣ በደርግ ጊዜ የሬዲዮ ማሰራጫ ቴክኒሻን ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ልጃቸው ቤት ነው ያሉት። ነገር ሲጠፋብኝ የምሮጠው ወደ እሳቸው ነው።

ካርታውን መስኮቱ ጋ ወስደው፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ቆዩ።

«ታዲያ ኮምፒዩተሩ ምን ያድርግ? ያልነገርሽውን ከየት ያምጣ?» አሉ። ሳቁብኝ ብዬ ቀና ስል፣ አልሳቁም።

«ለአለቃሽ ነግረሻል?»

«አልነገርኩም።»

ካርታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ስለ ራሳቸው አወሩልኝ። ወጣት ሳሉ ኬብል አሳስተው አገናኝተው ማሰራጫው ተቃጠለ። እሳቸው ዝም አሉ፤ በዚያ ፈረቃ የነበረ ሌላ ሰው ተባረረ። «አንድም ቀን አልወቀሰኝም» አሉ። «አላወቀማ። እኔ ነኝ የማውቀው።»

ልወጣ ስል በጣታቸው ከወንዙ ማዶ አንዲት ትንሽ ኮረብታ ነኩ። «ይቺስ?»

«ዝቅተኛ ናት፣ ጋሼ።»

«ዝቅ ትበል። መንደሮቹን ታያቸዋለች ወይ? ትልቁን ኮረብታስ ታያለች? ኤፍኤም እኮ የሚደርሰው የሚያየው ጋ ነው። ትልቁ ለሸለቆው ያሰማ፤ ይቺ ከትልቁ ተቀብላ ለሦስቱ ታሰማ።»

ሁለተኛ፣ ትንሽ ሪሌይ። እንዴት አላሰብኩትም? ፍርሃት ሰውን ያደነቁራል።

ረቡዕ

ነገርኳት።

ሦስት ጊዜ ዋንጂሩ በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። በአራተኛው እሷው ከፈተችና «ምን ሆነሻል?» አለች። ቆሜ ነገርኳት። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ግድግዳውን እንጂ እኔን አላየችም።

«ይህን ለስንት ሰው ነው ያሳየሁት?» አለች።

ካርታውን ነቅላ ጠቀለለችው። ከዚያ ስለ ትንሿ ኮረብታ ስነግራት እየጻፈች አዳመጠች። ኮረብታዋን እስካሁን የፈተሽኳት በኮምፒዩተር ብቻ እንደሆነ ገባት፤ ዞሮ ዞሮ የሚያረጋግጠው መሬቱ ነው።

«ነገ የምትናገሪው አንቺ ነሽ» አለችኝ። «ይቅርታ ብቻ ይዘሽ እንዳትመጪ። መላ ይዘሽ ነይ።»

ቤት ስገባ፣ ትናንት ማታ ሁሉን የነገርኳት ሊዲያ ፊቴን አይታ፣ «ማሚ፣ ነገርሻት? ባሲ፣ ኢትስ ኦቨር!» አለች። በቃ፣ አለቀ ማለቷ ነው። ለእሷ አልቋል። እኔ እራት አልበላሁም።

ሐሙስ

እንግሊዝኛዬ ጠፋብኝ። የተለማመድኩትን ሁሉ ረስቼ፣ «ስህተቱ የእኔ ነው» ከሚለው ጀመርኩ። ጠረጴዛው ዙሪያ ሰባት ሰው። ከድጋፍ ሰጪዎቹ አንዱ እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣ «ይህ ባይታይ ኖሮ መቼ ነበር የምናውቀው?» አለ።

መልሱን አውቀው ነበር። «ወንዙ ሲሞላ» አልኩ።

ከዚያ የትንሿን ኮረብታ መላ አቀረብኩ። ውሃ ጠማኝ፣ ውሃው ግን ጠረጴዛው ማዶ ነበር። ለመጠየቅ አፈርኩ።

ውሳኔው፦ ትልቁ ሥራ ይቀጥላል። ለትንሿ ኮረብታ እስከ ሰኞ ማስረጃ ላምጣ። ወረቀት ሳይሆን፣ በቦታው ተሰምቶ። ካልተሰማ ሦስቱ መንደሮች «ለሌላ ዙር» ይቆያሉ። ሌላ ዙር መቼ እንደሆነ የነገረኝ የለም።

የሙከራ ስርጭት ፈቃዳችን እስከ እሑድ ይሠራል። ቅዳሜ እንሄዳለን።

ዓርብ

የሚያስፈልጉ፦ ትንሿ ማሰራጫ። ባትሪ ሁለት። አንቴና። ማይክ። ገመድ። ረጅም ቀርከሃ። የፀሐይ ቅባት፣ ኮፍያ። ስልክ ሙሉ ቻርጅ።

ማሰራጫዋን ስሞክራት ሞታ አገኘኋት። የአንቴናው ገመድ ጫፉ ላይ ተበጥሷል። መሃል ከተማ ሦስት ሱቅ ዞርኩ፤ የሚገጥም የለም። አንዱ ሻጭ «ሰኞ ተመለሺ» አለኝ። ሰኞ! መንገድ ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ፤ ሰው ሁሉ እየገፋኝ ያልፋል።

ጋሽ ተስፋልደት ጋ ደወልኩ። በታክሲ ቢሮ ድረስ መጡ፣ የብየዳ ካውያቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው። መነጽራቸውን አውርደው ገመዱን በካውያው መበየድ ጀመሩ። ሁለት ጊዜ አበላሹ። በሦስተኛው የስርጭት መብራቷ በራ።

«ነገ እኔም እመጣለሁ» አሉ።

«ጋሼ፣ ዳገት ነው።»

«ዳገቱን አልጠየቅኩሽም።»

ቅዳሜ

መኪና ውስጥ ነው የምጽፈው፤ መንገዱ ያንገጫግጨኛል። እየተመለስን ነው።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቤት ስወጣ በሩ ላይ የቆመችው ራሷ ዋንጂሩ ናት፣ በራሷ ፒካፕ። «ካርታውን ያሳየሁት እኔ ነኝ» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም።

ኮረብታዋ መንገድ የላትም። ዋንጂሩ ባትሪ ተሸከመች። ጋሽ ተስፋልደት በየሃያ እርምጃው እየቆሙ «ቀጥሉ፣ ቀጥሉ» ይሉናል። ሰባት ሰዓት ላይ አንቴናውን በቀርከሃው ላይ አስረን አቆምነው። አኪኒ ታች ሬዲዮ ይዛ በቦዳ ቦዳ ሞተር ሳይክል ከመንደር መንደር ልትዞር፣ እየደወለችም ልትነግረኝ ተስማማን። ማይኩን ጋሽ ተስፋልደት ያዙና በስዋሂሊ መቁጠር ጀመሩ፦ ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ።

አንደኛው መንደር፦ «ይሰማል! ጥርት ብሎ!»

ሁለተኛው፦ «ይሰማል። ሴቶቹን የሽማግሌው ስዋሂሊ አሳቃቸው።»

ሦስተኛው የራሷ መንደር ነው። ደወለች። «የለም፣ ዳዳ።»

አንቴናውን ትንሽ አዞርኩ። የለም። ከፍ አደረግነው፤ ዋንጂሩ ቀርከሃውን በትከሻዋ ደግፋ። የለም። ጋሽ ተስፋልደት ድምፃቸው እየሻከረ መቁጠራቸውን አላቆሙም። ከሁሉም መንደር ይሄኛው!

ከዚያ ስልኩ ጠራ። «ወፍጮ ቤቱ ጋ መጣሁ፤ እዚህ ይሰማል። ቤቴ ውስጥ ግን የለም።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

«ለምን? ወፍጮ ቤቱ ከፍ ያለ ቦታ ነው፣ ሰው አይጠፋበትም። አንድ ሬዲዮ እዚህ ይቀመጥ። በዝናብ ተራ ገብተን እንጠብቀዋለን፤ የሰማ ሰው ፊሽካ ይነፋል።» ቀጥላም፣ «እህቴ ያን ቀን የዋለችው እዚህ ነበር። ስታስፈጭ። ወንዙ ያገኛት ወደ ቤት ስትመለስ ነው» አለች።

ስልኩን ሳልዘጋ ቆምኩ። ከእሷ በኩል የጋሽ ተስፋልደት ድምፅ ከወፍጮው ጩኸት ጋር ይሰማኝ ነበር፦ ኔ፣ ታኖ፣ ሲታ።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቆምኩ እንጂ ምን እንደተባለ አልሰማሁም። ቀኑን ሙሉ ሪፖርት ጻፍኩ። «በከፊል ይሰማል» ልበል ወይስ «ይሰማል»? ለማሳመን «ይሰማል» ማለት ይቀለኝ ነበር። አንድ ጊዜ አሳምሬ ያሳየሁት ካርታ ምን እንዳደረገኝ አይቻለሁ። ወፍጮ ቤቱንም፣ ቤት ውስጥ አለመሰማቱንም ጻፍኩ። ላክሁት። ከላክሁት በኋላ አምስት ጊዜ አነበብኩት።

ጋሽ ተስፋልደት ጉልበታቸው አብጧል። ስደውል ልጃቸው ተቆጣችኝ፣ እውነቷን ነው። እሳቸው ከኋላዋ «ስለ ሪፖርቱ ምን አሉ? ምን አሉ?» ይላሉ።

ሰኞ

እስከ ስምንት ሰዓት መልስ የለም። ኢሜይሌን ስንቴ እንደከፈትኩ አላውቅም። ስምንት ተኩል ላይ ዋንጂሩ መጣችና ጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ተፈቅዷል። ትንሿም ትቆማለች። ወፍጮ ቤቱንም ወደውታል።» ልቆም ስል፣ «ቆይ» አለች። «ከእንግዲህ ካርታ ከዚህ ቢሮ የሚወጣው ሁለት ሰው ካየው በኋላ ነው። አንዷ አንቺ ነሽ። ሌላዋ እኔ።»

አልተባረርኩም ማለት ነው። ደግሜ እንድትነግረኝ ፈልጌ ነበር፤ ሄደች።

አኪኒ ጋ ደወልኩ። ስነግራት «መቼ?» አለች።

«ፈቃዱ፣ ምሰሶው፣ ገጠማው… ሦስት ሳምንት፣ ዳዳ። ከተቻለኝ።»

በር ሲከፈት ሰማሁ። ወደ ውጭ ወጣች መሰለኝ፤ ነፋስ ስልኩ ውስጥ ገባ።

«ደመናው ተራራው ላይ ወርዷል» አለችኝ። «ሁለት ሳምንት አድርጊው።»

እሺ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ቀኖቹን እንደገና መቁጠር ጀመርኩ።