የባለአኮርዲዮኑ ጉሮሮና ያንተ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፤

ሰላምታዬ በመጀመሪያ ለእናታችን፣ ቀጥሎ ለባለቤትህና ለልጆችህ፣ ከዚያም ወንበርህን ከበው ለሚውሉት ደንበኞችህ ሁሉ ይድረስ። እንዴት ከርመሃል? ወገብህ ቀኑን ሙሉ መቆሙን ቻለው? የእማዬስ ዓይን ተሻላት? እኔ ከእጄ መሰነጣጠቅ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም የሳሙና ነው። አሁን ደግሞ ሳትቆጣ ስማኝ። ጉሮሮህ ላይ ያለው እብጠት እንዴት ሆነ? ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና ይውጣ ሲልህ እምቢ ማለትህን ባለቤትህ ነግራኛለች። ድምፅህ ሊጠፋ ይችላል ቢሉህ፣ «ወሬ የሌለው ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ማን ጭንቅላቱን ይዞ ይመጣል?» ብለህ ቀልደህ ወጣህ አሉ። እዚያ የነበሩት ስቀው ይሆናል። እኔ አልሳቅሁም።

ዛሬ ግን ልጽፍልህ የተነሳሁት ስለ ባለአኮርዲዮኑ ነው፤ ታገሰኝ። ልጆች ሳለን በጎረቤት መስኮት ሥር ተለጥፈን የሰማነው፣ አንተም እስከ ዛሬ መቀስህን በዜማው የምታስኬድለት ዘፋኝ እሱም ጉሮሮውን መታመሙን ሰምተሃል። እኔ ወሬውን ስከታተል ነው የከረምኩት። እሱ የሚታከምበትን ሆስፒታል አንሶላ ወደ ላውንደሪያችን የሚያመጣውን ሾፌር ገና መኪናውን ሳያቆም እጠይቀዋለሁ። ሳሙናው ተጠቅልሎ የሚመጣበትን ጋዜጣም ሳልዘረጋ አልጥልም፤ ማንበብ የለመድኩትስ በሳሙና መጠቅለያ አይደል? ሾፌሩ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ እህቱ ነሽ ወይስ የደበቃት ሚስቱ?» ይለኛል። አድማጩ ነኝ እለዋለሁ።

መቼም የእኛን አሠራር አታውቅም። ነጩን አንሶላ በረኪና ውስጥ የምናቆየው በሰዓት ሳይሆን በባለአኮርዲዮኑ ካሴት ነው። አንዱ ገጽ ሲጀምር እንዘፈዝፋለን፣ ሲያልቅ እናወጣለን። አንድ ጠዋት ሾፌሩ «ባለአኮርዲዮኑ ሞተ» የሚል ወሬ ይዞ መጣ። ነጎድጓድ የምንላት ባለ ትልቅ ድምፅ ጓደኛችን ወዲያው ቴፑን አጥፍታ ፎጣ ጣለችበት፤ በሞተ ሰው ድምፅ ልብስ አይታጠብም አለች። ሁላችንም እንደ ለቅሶ ቤት ተደርድረን ተቀመጥን። አንዷ ስለ ደግነቱ፣ ሌላዋ ስለ ጥርሱ ስታወራ አንሶላውን ያስታወሰ አልነበረም። አለቃችን መጥታ አንዱን ጫፉን ብትስበው፣ በረኪናው በልቶት ኖሮ ብጣሹ እጇ ላይ ቀረ። «ለአንድ ሰው ስታለቅሱ የስንቱን በሽተኛ አልጋ ባዶ አስቀራችሁ!» ብላ ጮኸችብን። በማግስቱ ሬዲዮው ሰውየው አልሞተም አለ።

ወንድም ጋሼ፣ እሱ አልጋው ላይ ሆኖ ሲተነፍስ እኛ ቀብረነው ዋልን። ፎጣውን ከቴፑ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ነጎድጓድ፣ «ድምፁ ከጠፋ ምኑ ቀረና ነው?» አለችኝ። አፍ የላትም የምትሉኝ እኔ፣ እሱ ራሱ ቀረ አልኳትና አዲሱን አንሶላ ዘፈዘፍኩ።

ዘፋኙን ከቀዶ ሕክምናው በፊት በሬዲዮ ሲናገር ሰማሁት። ድምፁ ደረቅ እንጨት ሲላግ ይመስላል። ጋዜጠኛው ድምፅዎን ቢያጡስ ብሎ ጠየቀው። በጣም ፈርቻለሁ፣ ሌሊት ሌሊት ለብቻዬ እየዘፈንኩ እሞክረዋለሁ አለ። ከዚያ ደግሞ፣ አኮርዲዮን በእጅ ነው የሚጫወቱት፣ የልጅ ልጆቼ ይዝፈኑና እኔ ላጅባቸው አለ። ገባ፤ ተደረገለት፤ ወጣ። ልጁ እንደተናገረችው አሁን ሾርባ ይጠጣል፣ የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል። ድምፁ ይመለስ አይመለስ ገና አልታወቀም። አልዋሽህም። ሰውየው ግን አለ።

ስለዚህ እኔም ቆርጫለሁ። አለቃዬ ፈቃድ ሰጥታኛለች፣ በመጪው ሳምንት አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ባለቤትህ ቀጠሮውን አስይዛለች፤ እሷን እንዳትቆጣ፣ አስይዢ ያልኳት እኔ ነኝ። በር ላይ ቀልድ ይዘህ ብትጠብቀኝ ትከስራለህ። ደንበኛ ይሸሸኛል ላልከው፣ ስንቱ ሰው ወሬህን ፈርቶ ጢሙን እንዳሳደገ አንተ የት ታውቃለህ? ዝምታውን ከፈራህ ደግሞ እኔን ጠይቀኝ። ዕድሜ ልኬን ኖሬበታለሁ፤ አይገድልም። እብጠቱ ግን ይገድላል።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ስመጣ ዓይኗንም አብረን እናሳያለን በላት። ባለቤትህን በርቺ በልልኝ። ትልቋ ልጅህ ሱቁን ለመክፈትና ለመዝጋት አታንስም፤ አደራ ብላሻለች በላት። ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝ፣ መቀስም እንዳታስነካው። አማትህን በጸሎትዎ አይርሱን ብላለች በልልኝ። አንተን እዚያው ደርሼ እስምሃለሁ። ልብስህን በሻንጣ ከተህ፣ ጫማህን አስረህ ጠብቀኝ፤ ከአውቶቡሱ ወርጄ ቤት አልገባም፣ በቀጥታ ወደ ሐኪሙ ነው።

ታናሽ እህትህ
ከላውንደሪው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ሰኔ ፬ ቀን