ስለነቀልካቸው ችካሎች

ለወንድሜ ለስጦታው፣
ቢቸና

እንደምን ከርመሃል? የእማዬ ጉልበት ብርዱን ቻለው ወይ? ሸዋነሽስ፣ ልጆቹስ፣ የመጋላው በሬ እግርስ ዳነ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደህና ነኝ፤ ንዴቴ ግን ሞጣ ከተመለስኩ ጀምሮ አልበረደም። «ጋሼ» ሳልልህ የጀመርኩት ረስቼው አይደለም። ስልኩን ባትዘጋብኝ ኖሮ ይህን ሁሉ በጆሮህ ትሰማው ነበር፤ አሁን ቁጭ ብለህ አንብበው።

የመሥሪያ ቤቴ የጤፍ ሙከራ በአባታችን ማሳ ላይ ይሁን ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ተመርቄ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ ነው፤ ከራሴ አገር ልጀምር አልኩ። ማሳው ላዩ ጭንጫ፣ ታቹ የድሮ በረት የነበረበት ጥቁር አፈር መሆኑን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ለዚህ ነው ተዳፋቱን በአግድም አራት ቦታ ቆርጬ፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ የሚወዳደሩትን አራቱንም የጤፍ ዘር በዕጣ ደልድዬ ችካል የተከልኩት። በእኛ ሥራ ብሎክ ይባላል። ጭንጫ ላይ የበቀለው እዚያው ጭንጫ ላይ ካለው ጎረቤቱ፣ በረት ላይ የበቀለውም ከበረት ጎረቤቱ ጋር ይወዳደር፤ የአፈሩ ጉልበት ለዘሩ እንዳይቆጠርለት ነው። ያን ዕለት ይህንኑ ብነግርህ «ገብቶኛል፣ ሂጂ» አልከኝ።

መንገድ ተዘግቶ ለመዝሪያው ቀን ሳልደርስ ቀረሁ። አንተ ምን አደረግህ? ጎረቤታችን የኔሰው ድንበሩ ላይ ቆሞ «የስጦታው ማሳ ድሪቶ ለበሰ» ብሎ ስለሳቀብህ ችካሉን ሁሉ ነቀልክ! ለጎረቤት አፍ ብለህ! ከዚያ እያንዳንዱን ዘር ለብቻው ሰብስበህ፣ እኔ ያመጣሁትን አዲሱን ጤፍ «እንግዳ ነው፣ ለእንግዳ ጥሩው ቦታ ይለቀቃል» ብለህ በረቱን ሰጠኸው። የአባታችንን ነጭ ጤፍ ደግሞ «የቤት ልጅ ነው፣ ይችለዋል» ብለህ ጭንጫው ላይ ጣልከው። ለእንግዳ ወንበር መልቀቅ ደግ ነው። እሽቅድምድም ላይ ግን እንግዳውን በቅሎ ላይ አውጥቶ የቤቱን ልጅ በእግሩ ማስሮጥ ምን ይሉታል?

መሥሪያ ቤቴ ባዘጋጀው የማሳ ጉብኝት ዕለት ከእንግዶቹ ጋር መጥቼ ብፈልግ ከችካሎቼ አንድም የለ። አንተ ጋቢህን አጣፍተህ ፊት ቆመህ «አዲሱ ዘር ጉድ ሠራ» ስትል ጭብጨባው ቀለጠ። አለቃዬ አቶ ኃይለ ሚካኤል ደስ ብሏቸው፣ ይህ ዘር ለገበሬው ሁሉ ይዳረስ፣ ያገሩ ነጭ ጤፍ ይቅር ብለሽ ሪፖርት ጻፊ አሉኝ። ስንመለስ መኪና ውስጥ እውነቱን ነገርኳቸው። «ልጄ፣ የተጨበጨበለትን ነገር ታፈርሻለሽ?» አሉኝ። አልፈርምም አልኩ። ሙከራው ተሰረዘ፤ የእኔም ኮንትራት መታደሱ አልታወቀም።

አንተ ደግሞ «ምን ቸገረሽ፣ ያንቺው ዘር አሸነፈ» ብለህ መልእክት ትልክብኛለህ። ያሸነፈው በረቱ ነው፣ ስጦታው! አዲሱ ዘር በእውነት የሚበልጥ ሊሆን ይችላል፤ አላውቅም። ለማወቅ ነበር የደከምኩት፣ እሱኑ ነጠቅከኝ። ሰው የአባታችንን ዘር ጥሎ አዲሱን ቢይዝና ጭንጫ ላይ እምቢ ቢለው፣ በረት የሌለው ገበሬ ምን ይበላል?

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ነገሩን የምታውቀው መሆንህ ነው። አባታችንና ወንድሞቹ የአያታችንን መሬት ሲካፈሉ ከለሙም ከጭንጫውም ቆርጠው፣ ዕጣ ጥለው ነው። አጎታችን «ታችኛውን ብቻ ልውሰድ» ብሎ በሽማግሌ ፊት ማፈሩን እየሳቅህ የነገርከኝ አንተው ነህ። ለወንድማማች የተገባው ፍርድ ለዘር ሲሆን ድሪቶ ሆነ?

እንግዲህ ስማኝ። ኮንትራቴ ታደሰም አልታደሰ፣ ለሐምሌ ሙከራውን ደግሜ እዘራዋለሁ፤ በአንተ ማሳ ሳይሆን በራሴ ድርሻ። ከአባታችን መሬት የሚደርሰኝን እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም፤ አሁን እጠይቃለሁ። ሽማግሌ ሰብስበህ ጠብቀኝ። ጭንጫውን ለእኔ፣ በረቱን ለአንተ የሚያደርግ የአግድም ቆረጣ አልቀበልም። ገመዱ ከላይኛው ድንበር እስከ ታችኛው ቦይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ዕጣውን እማዬ ታውጣ። ከዚያ በኋላ በእኔ በኩል የተተከለ ችካል የሚነካ ወንድሜ አይደለም።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ስለ ችካሉ ግን እንዳትዋሻት። ለሸዋነሽ አክብሮቴን አድርስ፤ በጉብኝቱ ዕለት አንተን አይታ ያላጨበጨበች እሷ ብቻ ነበረች። ባንተአምላክንና ሉሊትን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። የኔሰውን ድሪቶው በሐምሌ ይመለሳል በለው። ለአንተ የሚሆነውን ሰላምታ አስቀምጬዋለሁ፤ ገመዱ ቁልቁል የተዘረጋ ዕለት «ጋሼ» ብዬ እሰጥሃለሁ።

እህትህ እፀገነት
ሞጣ፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.