ሚዛናዊ ምግብ ስለተፈረደባት ውሻዬ ስለ ስኳር

ለተከበሩ ጓድ ይርዳው፣
የቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣
ሚዛን ተፈሪ።

ጓድ ሊቀመንበር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ጤናዎ፣ በተለይም ጉሮሮዎ እንዴት ነው? እኔ ዝናቡም መመሪያውም ሳይቋረጥብኝ ደህና ነኝ።

ባለፈው ስብሰባ «ገንቢ ሂስ ያለው ሁሉ ሳይፈራ ጽፎ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፍ» ብለው በራስዎ አንደበት ስላወጁ፣ እኔም ወለላ ጴጥሮስ፣ በአማን መንገድ ዳር ጎደሬና ሙዝ እያለማሁ የምኖር ሴት፣ ትእዛዝዎን ለማክበር ስል ይህን ደብዳቤ ለጥፌአለሁ። ሂሴ የማይገነባ ሆኖ ከተገኘ በግንባታ ሥራ ልምድ ስለሌለኝ ነውና ይቅር ይበሉኝ። የምለምንዎት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ዕለት ውሻዬን ስኳርን በመርዝ እንዳያስገድሉብኝ።

ስኳርን ለማታውቋት አንባብያን፣ ነጭ፣ አንድ ጆሮዋ የተቆረጠ፣ ጎደሬዬን ከከርከሮና ከጃርት የምትጠብቅልኝ ውሻ ናት። ስሟ ለቀበሌው ችግር እንደፈጠረ አልክድም። አንድ ቀን ጠዋት «ስኳር! ስኳር መጣች!» ብዬ ስጣራ፣ የሰፈሩ ሰው የራሽን ካርዱንና ከረጢቱን ይዞ ወደ ኅብረት ሱቁ እንደሮጠ፣ እስከ ምሳ ሰዓትም ተሰልፎ እንደቆመ፣ እርስዎም ከፊት ከተሰለፉት አንዱ እንደነበሩ አስታውሳለሁ። ለዚያ በወቅቱ ግለሂስ አድርጌአለሁ።

አሁን የምጽፍበት ነገር የተጀመረው የእንስሳት ጤና ባለሙያው አቶ ብርሃነመስቀል ስለ ውሻ በሽታ ሊያስተምሩን የመጡ ዕለት ነው። ቀድሞ የእኛ የጸሎት ቤት፣ ዛሬ ግን የእርስዎ አዳራሽ በሆነው ቆርቆሮ ቤት ተሰብስበን ሳለ፣ ባለሙያው «ውሻ ጤነኛ እንዲሆን ሚዛናዊ ምግብ መብላት አለበት» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ማብራራት ሲጀምሩ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደና ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ አየን። ዝናቡ ሲያባራ እሳቸው ወደ ቴፒ የሚሄደው መኪና እንዳያመልጣቸው ወጥተው ነበር። እርስዎ ግን ሕዝቡን ያለ ማብራሪያ ላለመተው ተነሥተው፣ ኢትዮጵያዊ ማለት የኢትዮጵያ እንደሆነ ሁሉ ሚዛናዊ ማለትም የሚዛን ማለት ነው፤ ስለዚህ የሚዛን ውሻ ከእንግዲህ ከሚዛን አፈር ያልተገኘ ነገር እንዳይቀምስ ሲሉ አስረዱን። ቃሉ የተመጣጠነ ማለት ነው፣ ከሥጋውም ከእህሉም ከአትክልቱም ማለት ነው ልል እጄን ባነሣ፣ እጄን የድጋፍ ድምፅ አድርገው ቆጥረውልኛል። መመሪያውም በሙሉ ድምፅ አለፈ። ለሰጡኝ ዲሞክራሲያዊ ዕድል አመሰግናለሁ።

ቅሬታዎቼን ጊዜዎን ላለማባከን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ከመመሪያው በፊት ስኳር ከቴፒ በሚመጣ የበቆሎ ዱቄት የተሠራ ገንፎ በአጥንት መረቅ ተለውሶላት ትበላ ነበር። በሬ በታረደ ቁጥር ሥጋ ሻጩ አባፎጊ ጉበትና ሳንባ ይልክላታል፤ እኔም ቀቅዬ ከትፌ እሰጣታለሁ። አልፎ አልፎ እንቁላል አላት። በርበሬና ሽንኩርት የገባበት ወጥ ወይም ተሰንጥቆ ጉሮሮዋን የሚወጋ የዶሮ አጥንት ከእጄ ቀምሳ አታውቅም። ጠጉሯ ያበራ ነበር፤ ሰው ሁሉ ምን ምግብ እየሰጠሻት ነው እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ዛሬ በቆሎው የቴፒ ተወላጅ ሆኖ በመገኘቱ፣ ጉበቱም በእግሩ ከማጂ ተነድቶ የመጣ በሬ ጉበት በመሆኑ፣ እንቁላሉንም አማን የምትኖረው የእህቴ ዶሮ ስለጣለችው ሁሉም ተከልክሏል። አባፎጊ «በሬው እኮ እዚሁ ሰንብቶ የሚዛንን ሣር ሲግጥ ነበር፤ ወላሂ ከእኔ የበለጠ የሚዛን ሰው ሆኗል» ብሎ ቢከራከርልኝም፣ በሬው የነዋሪነት መታወቂያ እንዳላወጣ የቁጥጥር ኮሚቴው በትሕትና ገልጾለታል። ያው ሥጋ ለሰው ሲሸጥ ማንም አለመቃወሙን ሳይ ግን፣ ከእኛ ሚዛናዊነት እንደማይጠበቅ ገብቶኝ እፎይ ብያለሁ።

ሁለተኛ። ጎደሬ መልካም ምግብ ነው፤ እኔንም ያሳደገኝ እሱ ነው። ይሁን እንጂ ሳይበስል ከበሉት አፍና ጉሮሮ እንደሚያሳክክ እዚህ አገር ያደገ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እርስዎ ከሩቅ ተመድበው የመጡ በመሆንዎ ይህን የሚነግርዎ አላገኙም፤ ወይም የሚነግርዎ ሰው እጁን አንሥቶ በድጋፍ ተቆጥሮበታል። ጎደሬ ለውሻ ተስማሚ መሆኑን ሊያሳዩን ጥሬውን ልጠው በሕዝብ ፊት የገመጡበትን ቀን መቼም አንረሳውም። ምላስዎን በመሐረብ እየጠረጉ፣ ቀሪውን አጀንዳ ሁሉ በእጅ ምልክት የመሩት ያ ስብሰባ ከአብዮቱ ወዲህ ከተቀመጥንባቸው ሁሉ አጭሩ ነበር። ምድጃ ላይ ድስት ጥደው የመጡ እናቶች ምስጋናቸውን እንዳደርስላቸው ጠይቀውኛል።

ሦስተኛ። የቁጥጥር ኮሚቴው አባል ጓድ ከፈለኝ ቤት ለቤት እየዞሩ የውሻ አፍ እንዲያሸቱ መመደባቸው ለሥራው ያለዎትን ትጋት ያሳያል። የማጂን ሥጋ በጠረኑ ይለዩታል የሚባለው እውነት ይሆናል። ሆኖም የስኳርን አፍ ሊያሸቱ ጎንበስ ባሉ ጊዜ ስኳርም የእሳቸውን አፍ አሸተተች፤ ከዚያም ቀኑን ሙሉ እያለከለከች ከኋላቸው ስትከተል ዋለች። እኚህ ጓድ ምን በልተው እንደመጡ መናገር የእኔ ድርሻ አይደለም፤ ጎደሬ ግን አልነበረም።

አራተኛ፣ ሙዝ። ስለ ሙዝ ብዙ አልልም። በመመሪያው መሠረት ልጬ አቀረብኩላት። ሙዙን አሸተተችው፣ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ በአፏ አንሥታ ጓሮ ወስዳ ቀበረችው። ውሻዬ እንደዚያ ስታየኝ አፈርኩ።

አምስተኛው ቀልድ የለበትም። መመሪያው ውሾቻችንን ካከሳቸው በኋላ፣ ኮሚቴዎ ደግሞ የጎድን አጥንቱ የሚታይ ውሻ ሁሉ ባለቤት የሌለው ነው፣ ቅዳሜ መርዝ የተነከረ ሥጋ ይጣልለት ብሎ ወሰነ። ጓድ ሊቀመንበር፣ ስኳር ባለቤት አላት። እኔ ነኝ። ባሌ ሞቶ ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ደጃፌ ላይ ተኝታ አልነሣም ያለችው እሷ ነበረች። ሰው ሲመጣ የምትጮኽልኝ፣ የሚጠይቀኝ ሰው ሲጠፋ ደግሞ እግሬ ሥር ተኮራምታ የምትውልልኝ እሷ ናት። የከሳችው ባለቤት አጥታ አይደለም፤ ባለቤቷ እርስዎን ስለታዘዘች ነው። ይህን ሳስብ በእርስዎም በራሴም እናደዳለሁ።

ያም ሆኖ ሕግ አክባሪ ነዋሪ ነኝና አንድ ነገር ሳልጠቁምዎ ባልፍ ሕሊናዬ አያርፍም። መርዙ ከጅማ እንደመጣ ራስዎ በኩራት ነግረውናል። መርዙ የሚነከርበት ሥጋም አባፎጊ ዘንድ የታዘዘ የማጂ በሬ ሥጋ ነው። የሚዛን ውሻ ከሚዛን ያልተገኘ ነገር እንዳይቀምስ በፊርማዎና በማኅተምዎ ከልክለዋልና፣ ቅዳሜ ያንን ሥጋ የሚያድሉት ጓዶች መመሪያውን በአደባባይ የጣሱ ይሆናሉ። ጓድ ከፈለኝም የሞቱትን ውሾች አፍ እያሸቱ በሞቱት ላይ ክስ ሊመሠርቱ ነው። እንዲህ ያለ ውርደት በቀበሌያችን ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ስለዚህ ከሁለት አንዱን ይምረጡልን። ወይ መመሪያውን አንሥተው ስኳርን ወደ ጉበቷና ወደ መረቋ ይመልሱልኝ፤ አጥንቷ በሥጋ እስኪሸፈን ድረስም ቅዳሜ የሚባለውን ቀን ያዘግዩልን። ወይም መርዙን እዚሁ ሚዛን አፈር ላይ ተክለው፣ ዝናቡም ረድቶዎት እስኪበቅል ድረስ ይታገሡን።

በጎ ውሳኔዎን ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ስጠብቅ እንደኖርኩ ሁሉ አሁንም በታላቅ አክብሮት እየጠበቅሁ፣ ለሥልጣንዎ ልክ፣ ለቃል ትርጓሜዎ ልጓም፣ ለእኛም ትዕግሥት እየተመኘሁ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ።

ወለላ ጴጥሮስ፣
በአንድ እጇ ደግፋ በሌላው የምትቃወም የቀበሌዎ ነዋሪ

ማስታወሻ። ደብዳቤውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ስኳር ጠፋችብኝ። ሰፈሩን ሁሉ ዞሬ ያገኘኋት እርስዎ ግቢ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለው የማገዶ ክምር ሥር ነው። ሆዷ ገፋ ያለው በጎደሬ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ አርግዛ ኖሯል፣ አራት ቡችሎች ወልዳለች። ሁለቱ ዓይናቸው ዙሪያ ጥቁር ነው፤ ቁርጥ የእርስዎን ውሻ መብረቅን ናቸው። ባለቤትዎ ወይዘሮ ትሁት፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ከመብረቅ ምሳ ላይ የማጂ ሥጋ እየቆረሱ ሲያጎርሷት ደረስኩ፤ «ምን ላድርግ ወለላዬ፣ የምታጠባ ናት፣ እንዴት አንጀቴ ይችላል» አሉኝና ሁለታችንም አለቀስን። የስኳር የጎድን አጥንት አሁንም ይታያል፤ ልጆቿን ጥላ ከዚያ አልነሣም ብላኛለች። ስለዚህ ቅዳሜ መርዝ የያዙት ጓዶች እኔ ቤት ድረስ እንዳይደክሙ አድራሻዋን ነግሬአቸዋለሁ፤ በሩን የሚከፍቱላቸው እርስዎ ነዎት።