በስምህ የመጣው ፎቶ

ይድረስ ለምናፍቅህ ወንድሜ፤ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን፤ ታሞ የነበረው የአባባ ፎቶ ቤት ኮምፒውተር ብቻ ነው።

በስምህ «ፎቶዬ» የሚል ኢሜይል ሲመጣ፣ አባባ መነጽሩን እንኳ ሳያደርግ ከፈተው። ለካ ፎቶ መስሎ የገባ፣ ትሮጃን የሚሉት ተንኮለኛ ፕሮግራም ነው! ኮምፒውተሩ ውስጥ አድፍጦ፣ ከሩቅ ሲታዘዝ በሌሎች ኮምፒውተሮች ካደፈጡ ሺህ መሰሎቹ ጋር የሰው ድረ ገጽ በከንቱ ጥያቄ ያጨናንቃል፤ እውነተኛው ደንበኛ ደጅ ይቀራል። ኮምፒውተራችንም በዚሁ ጣጣ ይንቀራፈፍ ነበር። ኢንተርኔቱን ነቅዬ፣ በጸረ ቫይረስ አስፈትሼ ትሮጃኑን አጠፋሁት፤ የይለፍ ቃሉንም ቀየርኩ።

«ኢሜይሉንም ላጥፋው?» ብዬ አባባን ብጠይቀው፣ «እጅሽን ሰብስቢ! ከስንት ጊዜ በኋላ ስሙን ያየሁበት ነው» አለኝ። አሁን በየጠዋቱ ያችን «ፎቶዬ» የምትል አንዲት ቃል ያነባታል፤ መነጽሩን አድርጎ።

በል፣ ሰላምህ ይብዛልን። መልሱን በገዛ እጅህ ጻፈው፤ አባባ የእጅ ጽሑፍህን አይስተውም።

እህትህ