ክንፋሙ ድሮን

ሐሙስ፣ ጥር 14

አይ አቤል፣ አላስገደድኩህም። አንተ ባለአራት ሞተሩን ድሮን አነሳህ፤ እኔ ደግሞ “በሱ የፉሪን መሬት ለመቀየስ ሦስት ቀን ይፈጅብሃል፣ ክንፋሙ በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል፣ ፈሪ” አልኩህ።

“አስረኛ ክፍል ያቋረጠች ኢንጂነር” አልከኝ።

“ያንተን ዲግሪ አይቼ ነው ያቋረጥኩት።”

ስቀህ ክንፋሙን ይዘህ ወጣህ። አሁን ጠረጴዛህን ሳጸዳ የበረራ ፈቃዱን አገኘሁት። የተጻፈበት ቁጥር የባለአራት ሞተሩ ነው። ለክንፋሙ ፈቃድ የለህም። ባለፈው ያለፈቃድ ድሮን ያበረረውን የሰፈር ልጅ ፖሊሶች እንዴት እንደወሰዱት አብረን አይተናል።

ስልክህ ዝግ ነው። እማዬ “ወንድምሽ ለምሳ አይመጣም?” ስትለኝ “ሥራ በዝቶበት ነው” አልኳት፤ ፊቴን ግን አዞርኩ። የፈለግከውን ስደበኝ፣ ብቻ ሳይመሽ ደውልልኝ።